እንቁላሉ አልፈለፈልም ያለ ዕለት

ተረት ልታልፍ ነው፣ መንገድ ልቀቁላት።
ለቀናል፣ ትለፍ።
ቀስ ብላ ነው የምታልፈው፣ እንቁላል ይዛለች።
እንግዲያው ውሻውን እንሰረው።

ሸንበቆ በር የሚሏት መንደር አለች፤ ከአስፋልቱ ወረድ፣ ከወንዙ ከፍ ብላ የተቀመጠች። እዚያ መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ትኖራለች። ደብሪቱ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ስታረባ የኖረች ናት። በዶሮ ማስታቀፍ እሷን የሚያህል የለም፤ የቷ ዶሮ ታጋሽ ናት፣ የቷ እንቁላል ሰባሪ ናት፣ በዓይኗ አይታ ትለያለች።

አምና ታዲያ ለሴቶች ማኅበሩ ስልጠና መጣና፣ ደብሪቱ ሠልጥና የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ይዛ ቤቷ ገባች። ማሽኑ ቁም ሳጥን ያህላል። በመብራት ይሞቃል፣ እንቁላሉን ራሱ ያገላብጣል፣ ሙቀቱን በቀይ ቁጥር ይጽፋል። ጎረቤት እየመጣ አየና ራሱን ነቀነቀ። እናት የሌለው ጫጩት ማንን ብሎ ይጮሃል አሉ። ክንፍ የሌለው ነገር እንዴት ያቅፋል አሉ። እያሙ ግን እንቁላላቸውን አመጡ። የደብሪቱን ጨምሮ ሰባት ቤት፣ ከየቤቱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። እንዳይቀላቀል በከሰል ምልክት አደረጉበት፤ አንዷ መስቀል፣ አንዷ ክብ፣ አንዷ ደግሞ ምን ብዬ ልሣል ብላ ብላ የዶሮ እግር ሣለችበት።

እንግዲህ የሰው እንቁላል አደራ ነው። የራስህ ቢበላሽ ታዝናለህ፤ የጎረቤት ሁሉ ቢበላሽ ግን አገር ትለቃለህ።

ማሽኑ ሃያ ቀን አሞቀ። የቀረው አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ጫጩት ሊወጣ፣ ደብሪቱ ማለዳ ብድግ ብላ ብታይ ቀይዋ ቁጥር የለችም። እጇን መስተዋቱ ላይ ብታሳርፍ ለብ ብሏል። ለብ ያለ ነገር ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

“አንተ ማሽን፣” አለችው፣ “ሃያ ቀን ችለህ አንድ ቀን ታቅትሃለች? እባክህ አሙቅ።”

ማሽኑ፣ መብራት ካልመጣልኝ አላሞቅም አለ።

ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ።

ደብሪቱ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ቤት ያለውን እንጨት ሁሉ አንድዳ ውሃ አፈላች፣ ሦስት ጄሪካን ሞላች፣ ከማሽኑ ሥር ባለው ክፍተት አሰለፈቻቸው፣ ማሽኑን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ወደ ሌላ ቤት ልውሰደው እንዳትል አሠልጣኙ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከቦታው አይነቃነቅ፣ በሩም አይከፈት ብሏታል። ውሃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢያቆይላት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈለገችም።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ዞረች። በሸንበቆ በር ያለው የካርድ ቆጣሪ አንድ ነው፤ እሱም በደብሪቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰባቱም ቤት ከሱ ላይ ቀጭን ቀጭን ሽቦ ስቦ ነው የሚኖረው፣ ልክ እንደ ሰባት ጥጃ በአንዲት ላም። የአንዱ ቤት መብራት ሲጠፋ የሰባቱም ይጠፋል።

ጥንት በተረት ውስጥ ዱላ ተናገረ፣ እሳት ተናገረ ሲባል ልጆች ይስቁ ነበር። ዛሬ ዕቃው ሁሉ እውነትም ይናገራል። የሚያውቃት ቃል ግን አንድ ናት፤ አይሆንም።

ቆጣሪው፣ የሞላሽው ሂሳብ አልቋል፣ ሃያ አሃዝ ያለው አዲስ ቁጥር ካልነገርሽኝ አላበራም አለ።

ቆጣሪው ማሽኑን አላበራም አለ፣ ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ።

ቁጥሩ የሚመጣው በስልክ ነው። ድሮ ከተማ ድረስ ወርደው፣ ተሰልፈው፣ ተጋፍተው ነበር የሚያመጡት፤ አሁን አልጋ ላይ ተጋድመው ጫን ጫን ሲያደርጉ ይመጣል። ደብሪቱም ስልኳን አውጥታ ጫን ጫን አደረገች። ስልኩ፣ ኔትወርክ ካላገኘሁ ቁጥር አልነግርም አለ። በርሜል ላይ ወጣች። አጥር ላይ ተንጠለጠለች። ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ መንደሩን አንዴ ዞረችው። የለም።

ስልኩ ለቆጣሪው ቁጥር አልነግርም አለ፣ ቆጣሪው ማሽኑን አላበራም አለ፣ ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ።

የኔትወርኩ ማማ ኮረብታው አናት ላይ ነው። የሚጠብቀው ጋሽ ሰንበቱ የሚባል የድሮ ወታደር ነው፤ በጠራራ ፀሐይም ካፖርቱን አያወልቅም። ደብሪቱ ነጠላዋን አገልድማ ዳገቱን ወጣች፣ እያለከለከች ደረሰች፣ ቁጭ በይ ሲላት ሳትቀመጥ ነገሯን ዘረገፈችለት። ጋሽ ሰንበቱ የጦር ሜዳ ወሬ እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ ማማው ምንም አልሆነም አላት። ርቦት ነው። የመብራት መስመር ኮረብታው ላይ አይደርስም፤ ማማው የሚኖረው በጄኔሬተር ነው፣ የጄኔሬተሩ ሆድ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው።

ማማው፣ ናፍጣ ካልጠጣሁ ስልክ አላናግርም አለ።

ጋሽ ሰንበቱ ራሱ ሄዶ እንዳያመጣ ጥበቃውን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ብረት የሚፈታ ሌባ አለ። ቢጫውን ጄሪካን አወጣና አሸከማት። እሷም ቁልቁለቱን ወረደች፣ በየእርምጃዋ ለራሷ እያለች፤ ማማው ስልኩን አላናግርም አለ፣ ስልኩ ለቆጣሪው ቁጥር አልነግርም አለ፣ ቆጣሪው ማሽኑን አላበራም አለ፣ ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ።

አስፋልቱ ዳር ያለው ማደያ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ማደያው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል፤ ግን የሚንቀሳቀስ የለም። የጭነት መኪና ቆሟል፣ ባጃጅ ቆሟል፣ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ጋደም ብለዋል። ቀጂዋ ትርንጎ ፓምፑን ተደግፋ ጥፍሯን ትነክሳለች። ደብሪቱ ጄሪካኑን አስቀምጣ፣ ማማው ስልኩን አላናግርም አለ ብላ ጀምራ እስከ እንቁላሉ ድረስ ነገረቻት። ትርንጎ ልቧ ተነካ።

“እትዬ፣ ድሮ ቢሆን አሁኑኑ እቀዳልሽ ነበር። አሁን ፓምፑ እኔን አይሰማም። ኮድ በስልክ ይመጣል፣ ኮዱን አስገባለታለሁ፣ ያን ጊዜ ይቀዳል።”

“ታዲያ ኮዱ ምነው አልመጣ?”

“ኔትወርክ የለማ።”

“ኔትወርኩ የጠፋው እኮ ናፍጣ ስለሌለ ነው።”

“አውቃለሁ። ናፍጣ የማልቀዳው ደግሞ ኔትወርክ ስለሌለ ነው። ከትናንት ጀምሬ ይህቺን ነገር ሳዞራት፣ ይኸው እኔም ዞረብኝ።”

ናፍጣው፣ ኮድ ካልመጣልኝ ከጉድጓዱ አልነሳም አለ።

ደብሪቱ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ሾፌር ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ እናቴ፣ ወረፋ ያዥ፣ አንቺ አሥራ ዘጠነኛ ነሽ አላት። ሌላው ደግሞ፣ ተዋት፣ የሷ ተሳፋሪ እኮ ገና አልተወለደም አለው። ደብሪቱ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ያኔ ትርንጎ ጠጋ ብላ፣ አንድ መንገድ አለ አለቻት በሹክሹክታ። ለእንዲህ ያለ ቀን የተቀመጠ የእጅ ቁልፍ አለ፤ ፓምፑን ያለ ኮድ ይከፍተዋል። ቁልፉ ግን ያለው ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ኪስ ውስጥ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ከገደሉ ማዶ ከተማው ነው። ምን ሊሠራ ሄደ አለች ደብሪቱ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ሥራን እንዴት እንደሚያቀላጥፍ ስልጠና ላይ ነው። እንዳይደወልለት ስልክ የለም።

ቁልፉ፣ የሚወስደኝ ካልመጣ ከኪስ አልወጣም አለ።

ቁልፉ ከኪስ አልወጣም አለ፣ ናፍጣው ከጉድጓዱ አልነሳም አለ፣ ማማው ስልኩን አላናግርም አለ፣ ስልኩ ለቆጣሪው ቁጥር አልነግርም አለ፣ ቆጣሪው ማሽኑን አላበራም አለ፣ ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ።

ማዶ ከተማ በእግር ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ነው። ነዳጅ የሚጠጣው ባጃጅ ሁሉ ማደያው ላይ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል። ነዳጅ የማይጠጣ ባጃጅ ግን በዚያ አገር አንድ አለ፤ የስንሻው ባጃጅ። በባትሪ ነው የሚሄደው። አይጮህም፣ አያጨስም። ሲመጣ ስለማይሰማ መንደሩ ድመቷ ነው የሚለው፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ድምፅ የሌለው ነገር ሳይነግር ይገጫል ብለው ተሳፍረውበት አያውቁም። ዛሬ የአገሩ ሁሉ ተስፋ ድመቷ ሆነች።

ደብሪቱ ጄሪካኗን ይዛ ሮጠች። ስንሻው ባጃጁ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል። እሷም ቁልፉ ከኪስ አልወጣም አለ ብላ ጀመረች። ማማው ጋ ስትደርስ ስንሻው ተቀበላት፤ “ማማው ስልኩን አላናግርም ካለ እንግዲህ ስልኩም ለቆጣሪው አልነግርም ይላል፣ ቆጣሪውም ማሽኑን አላበራም ይላል፣ ገብቶኛል እትዬ፣ የኔም አሥራ ሁለት እንቁላል እዚያ ውስጥ አለ፤ መስቀል ያለባት የባለቤቴ ናት።”

“ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል? ተነሣ!”

ስንሻው የባጃጁን ሰሌዳ አሳያት። ባትሪው ሊያልቅ ጫፍ ደርሷል። ከማለዳ ጀምሮ ከማኅበሩ ሶላር በተሳበው ሽቦ ላይ ሰክቶታል፤ የሱ ሶኬት ደግሞ ከሶላሩ ሳጥን በቀር ሌላ አይገጥምም። ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጥታለች፣ ሽቦው ደህና ነው፣ ግን አንዲት ፍሬ ጉልበት አልገባችም።

ባጃጁ፣ ሶላሩ ካላጎረሰኝ ቁልፉን አላመጣም አለ።

ሶላሩ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችው። ስንሻው አንገቱን አከከ። ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ማን እንዳደረገውም ያውቃል፤ ከአፉ ማውጣት ነው ያቃተው። ራስሽ መጥተሽ እዪው አላትና ይዟት ሄደ።

የማኅበሩ ሶላር የተተከለው ከመንገዱ ዳር፣ በወገብ ቁመት በእንጨት ቆጥ ላይ ነው። አራት ጥቁር ሰሌዳ። ዛሬ ግን ጥቁር አይደለም፣ ቀይ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ፣ እርጥብ በርበሬ ተሰጥቶበታል። ከቆጡ ሥር ደግሞ የበርበሬው ባለቤት እማማ የሻረግ ጥላውን ይዘው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ሶላሩ፣ በርበሬው ካልወረደልኝ ባጃጁን አላጎርስም አለ። በርበሬውም ከሶላሩ አልወርድም አለ።

እማማ የሻረግ የስንሻው የክርስትና እናት ናቸው። ስንሻው ማለዳ መጥቶ በርበሬውን አይቶ፣ እሳቸውንም አይቶ፣ እንደምን አደሩ ብሎ ተመልሷል። ያሮጊት በርበሬ ከሚያነሣ እባብ ቢያነሣ ይሻለዋል።

ደብሪቱ ግን ከእግራቸው ሥር ተንበረከከች። “እማማ፣” አለቻቸው፣ “በርበሬው ከሶላሩ አልወርድም አለ፣ ሶላሩ ባጃጁን አላጎርስም አለ፣ ባጃጁ ቁልፉን አላመጣም አለ፣ ቁልፉ ከኪስ አልወጣም አለ፣ ናፍጣው ከጉድጓዱ አልነሳም አለ፣ ማማው ስልኩን አላናግርም አለ፣ ስልኩ ለቆጣሪው ቁጥር አልነግርም አለ፣ ቆጣሪው ማሽኑን አላበራም አለ፣ ማሽኑ እንቁላሉን አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም አልፈለፈልም አለ። የሰው አደራ እጄ ላይ ሊሞት ነው።”

እማማ የሻረግ እስከ እንቁላሉ ድረስ አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩት። ጥቁር ነው፣ ይግላል፣ ከጭቃው ከፍ ያለ ነው፣ ዶሮ አይደርስበትም። ይህ ለበርበሬ ማስጫ ካልተሠራ ለምን ተሠራ ብለው ጠየቁ። ስንሻው ለፀሐይ ነው አላቸው። እኔስ ለፀሐይ አይደል እንዴ ያሰጣሁት አሉት።

“በርበሬው እንቢ አላለም፣ ልጄ፣” አሉ ደብሪቱን። “እግር የለውም፣ እጅ ነው የሚፈልገው። ሦስት ቀን ዝናብ በልቶታል። መሬት ላይ ባወርደው ጭቃ ነው፤ ዛሬ ካልደረቀ ሻግቶ ያልቃል፣ የዓመት ቀለቤም ያው እሱ ነው። ተለቅሞ፣ የበሰበሰው ወጥቶ፣ በሰፌድ ተበትኖ ጣራ ላይ መውጣት አለበት። እኔ ደግሞ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ አንዱም ያመኛል።”

“ደቦ አይጠሩም ነበር?”

“ሐሙስ ለት ጠራሁ። አጥሬ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ንፍሮ ቀቅዬ ጠበቅሁ። ንፍሮው ኮመጠጠ እንጂ ሰው አልመጣም።”

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። ሐሙስ ለት ያን ድምፅ ሰምታዋለች። ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር። ደቦ ከሆነ በመንደሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ይጻፋል ብላ አሰበች። ግሩፑን ከፈተች፣ የተጻፈ የለም። እንግዲያው ደቦ አይደለም ብላ ተወችው። የየቤቱ ሰው ሁሉ እንዲሁ ከፍቶ፣ እንዲሁ አይቶ፣ እንዲሁ ትቶታል። እማማ የሻረግ ስልክ የላቸውም፤ ግሩፕ ውስጥ የሚገቡበት በር የለም።

“ሰምቼ ነበር እማማ፣” አለች ደብሪቱ።

“አውቃለሁ። በመስኮት ብቅ ስትዪ አይቼሻለሁ።”

ደብሪቱ ጄሪካኗን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በርበሬውን መልቀም ጀመረች። ስንሻውም አጎነበሰ። ለቀሙ፣ ለቀሙ፤ ቀና ብለው ሲያዩ የሰሌዳው አንድ ጥግ እንኳን አልጠቆረም። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ደርሳለች። በዚህ አያያዝ ማታም አያልቅ። ደብሪቱ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች፣ ግሩፑ ላይ ልትጽፍ። ከዚያ ትዝ አላት፤ ኔትወርክ የለም። ስልኩን መልሳ ሸጎጠችው፣ እማማ የሻረግ አጥር ላይ ወጣች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እናቷ ትጣራ በነበረው ድምፅ ተጣራች። ደቦ ነው፣ ደቦ ነው፣ የእማማ የሻረግ ደቦ ነው፣ ሰፌድ ያላችሁ ሰፌድ ይዛችሁ።

ያን ለት ደግሞ ኔትወርክ ስለሌለ የመንደሩ ጆሮ ሁሉ ባዶውን ነበር። አንድ በር ተከፈተ። ሌላም ተከፈተ። የመስቀሏ ባለቤት መጣች፣ የክቧ ባለቤት መጣች፣ የዶሮ እግሯ ባለቤት ሁለት ሰፌድ ደራርባ መጣች። የሚጫኑት ስልክ ያጡ ወንዶችም መጡ። አንዱ ምን ይዤ ልምጣ ሲል፣ እጅህን ብቻ ያዝ፣ ስልክ እንደሚነካካው አውራ ጣት ያለ ለቃሚ የለም አሉት። ሰው እየበዛ፣ ወሬው እየደራ፣ በርበሬው እየተለቀመ፣ እየተቀነጠሰ፣ በሰፌድ በሰፌድ ወደየጣራው ወጣ። እማማ የሻረግ ቆጡ ሥር አልነበሩም፤ ሳይታዩ ወደ ጓዳ ገብተው ምድጃቸውን አንድደዋል።

ቀዩ አለቀና ጥቁሩ ወጣ። ስንሻው ሰሌዳውን በኩታው ጠረገው። ሶላሩ ጠጣ፣ ባጃጁም ጎረሰ። ግማሽ ሰዓት ከጎረሰ በኋላ ስንሻው ለደርሶ መልስ ይበቃኛል ብሎ ቢጫውን ጄሪካን ጫነና፣ ድመቷ ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁል ተወረወረች።

ማዶ ከተማ አቶ ልሳነወርቅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ ጠራው። ቁልፉን ስጠኝ ቢለው አቶ ልሳነወርቅ አልሰጥም አለ፤ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አይሻገርም፣ ደንብ ነው። እንግዲያው አንተም ተሻገር ብሎ ከነቁልፉ፣ ከነማስታወሻ ደብተሩ፣ አንገቱ ላይ ከተንጠለጠለው ስሙ ጋር ጭኖት መጣ። ትርንጎ አስፋልቱ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ነበር። የማደያው ሾፌሮችም፣ መጀመሪያ የእንቁላሏ ሴትዮ ጄሪካን ይሞላ ብለው መንገድ ለቀቁ።

ቁልፉ ከኪስ ወጣ፣ ናፍጣው ከጉድጓዱ ተነሣ፣ ባጃጁም ናፍጣውን ይዞ ኮረብታውን ወጣ። ጋሽ ሰንበቱ ጄሪካኑን እንደ ጄኔራል ሰላምታ ሰጠው። ጄኔሬተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣ ከዚያ ተነሣ። ማማው ተናገረ።

ደብሪቱ ቤቷ ገብታ፣ አንድ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር መስተዋቱ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጄሪካኖቹ ቀዝቅዘዋል። መስተዋቱም ለብታው ሊሄድ ነው። ስልኩ ጉያዋ ውስጥ ተንጫጫ፤ የሁለት ቀን መልእክት በአንዴ። መልእክቱን ሳታነብ ጫን ጫን አድርጋ ቁጥሩን ጠየቀችው። ቁጥሩ መጣ። ሃያ አሃዝ። ተቻኩላ አስገባችው። ቆጣሪው፣ ስህተት አለ። ደግማ አስገባች። ስህተት አለ። ከበርበሬው የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ተደርድረዋል። የዶሮ እግሯ ባለቤት ስልኩን ከእጇ ወሰደችና፣ አንድ ሰው ሃያ አይችልም አለች፤ አምስት ነን፣ ለእያንዳንዳችን አራት አራት ይደርሰናል። አንዷ አራቷን ጮክ ብላ አለች፣ ደብሪቱ ጫነች። ቀጣይዋ አራቷን አለች፣ ደብሪቱ ጫነች። አምስተኛዋም የመጨረሻዎቹን አራት አለች፣ ደብሪቱ ጫነች።

ቆጣሪው ቀጭ አለ።

ቀይዋ ቁጥር በራች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

በርበሬው ከሶላሩ ወረደ፣ ሶላሩ ባጃጁን አጎረሰ፣ ባጃጁ ቁልፉን አመጣ፣ ቁልፉ ናፍጣውን አስነሣ፣ ናፍጣው ማማውን አጠገበ፣ ማማው ስልኩን አናገረ፣ ስልኩ ለቆጣሪው ቁጥሩን ነገረ፣ ቆጣሪው ማሽኑን አበራ፣ ማሽኑም እንቁላሉን ማሞቅ ጀመረ። የቀረው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ደግሞ ኮድ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ሲፈልግ ነው።

ደብሪቱ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን መስተዋቱ ላይ ለጠፈች። ሴቶቹም አንድ በአንድ መጥተው ጆሯቸውን ለጠፉ። እንዲህ ሆነው ቆዩ፣ ቆዩ። ቀይዋ ቁጥር በቀስታ ወደ ላይ ትወጣለች። ድምፅ የለም። ዘጠኝ አለፈ፣ አሥርም አለፈ፣ አሁንም ድምፅ የለም። ከሴቶቹ አንዷ ወደ ልጆቿ ልትመለስ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ከውስጥ፣ ከክቦቹ መደዳ፣ ጥፍር ሰሌዳ እንደሚነካ ያለ ነገር ተሰማ። ጣ። ቆየት ብሎ፤ ጣ ጣ። አንዷ እንቁላል ላይ ክር የምታህል ስንጥቅ ወጣች፣ ከስንጥቋም ቢጫ ምንቃር ብቅ አለች።

ጫጩቷ ማንን ብላ ጮኸች? ማንንም አላለች። ጮኸች ብቻ።

በማግስቱ ሰባ ስድስት ጫጩት ነው የወጣው፤ ከሰባቱም ቤት ባዶውን የቀረ የለም። ያን ሰዓት ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ የሚያውቁት አንዲቷን ነው። አንዲቷም በቃቻቸው። ደብሪቱ ማሽኑን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹም ዙሪያዋን ተቀመጡ።

እማማ የሻረግ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። የደቦው ሰው ሁሉ በልቷል፤ ያልበላው አንድ ሰው ነው፣ እሷም ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳን በአፏ አልዞረም። ገና እንፋሎቱ ያልቆመ ንፍሮ በሳህን ይዘው ጭኗ ላይ አስቀመጡላትና፣ ደቦ ሠርቶ ጦሙን የሚያድር የለም፣ ብይ አሏት።

ቀኑን ሙሉ ዕቃው ሁሉ እንቢ ሲል ውሏል። ደብሪቱ ግን አልበላም አላለችም።

ተረቷ አለቀች፣ ጉሮሮም ደረቀች፤ ውሃ ያለው ያቀብል።